ጫማዬን ላስር ብዬ የተሸከምኩት ቃሬዛ

ደግ ሰው የሆንኩት በስህተት ነው፤ ያውም ባንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል። ከዚያ በፊት ከአምቦ እስከ ጉደር ብትዞሩ እንደ እኔ ያለ ልበ ደረቅ አታገኙም ነበር። ይሄን ስል ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ሚስቴ አላመነችኝም፣ የእድራችን ዳኛ አላመነኝም፣ በቀደም ደግሞ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ዱካዬ ላይ ተቀምጦ፣ ሻዬን ጠጥቶ ሲያበቃ "ጋሽ በቀለ፣ ይሄ ተረት ነው" አለኝ። እኔ ተረት ሳወራ አንበሳና ጦጣ አሉበት። እዚህ ውስጥ ያለሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ አንበሳው ብትሉኝ ደግሞ አልቀየምም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ሱቄ ያለው ጉደር መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ጎረቤቴ አጥሩን ሊያድስ አንድ ጋሪ ሙሉ ባሕር ዛፍ ደጄ ላይ አራገፈ። ትናንት የተቆረጠ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ውሃው ገና ያልደረቀ አጣና። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቀኝ ትከሻዬ ቆረጠመኝ። ሳቁ እንጂ፣ እውነቴን ነው! አፍንጫዬና ትከሻዬ ይዋወቃሉ። ወዲያው ያ ዘመን መጣብኝ። ዓመቱን አትጠይቁኝ። መንገድ በድንጋይ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ እንደ መብራት፣ መብራትም እንደ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ማን ከማን ጋር ምን ነበረው የሚለውን የተማሩት ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ዋጋውን ነው። ማኪያቶ ስድስት ብር። ባጃጅ ከመናኸሪያው እስከ ፍልውሃው አጥር ሁለት ብር፤ ሦስት ካለህ ጠብ ነው። አንድ ጎማ በሃያ ብር እለጥፍ ነበር፣ ደንበኛው "ተወደደ" ብሎ ይጨቃጨቀኛል፤ ዛሬ መቶ ሃምሳ ስለው "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይሄዳል። መናኸሪያው በር ላይ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭን ሰውዬ ነበር፣ በአሥር ብር መቶ ዘፈን፤ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ማንም ያላዘዘው የሕንድ ዘፈን ይገባበታል። ጎረምሳው ሱሪውን ከወገቡ አውርዶ ሲሄድ እናቶች "ቀበቶ ግዙለት" ይሉ ነበር። እኔም ከሰው አላንስም ብዬ በሦስት መቶ ሃምሳ ብር ነጭ ስኒከር ገዛሁ፣ ክሩ ወፍራም፣ ረጅም። በአምቦ ጭቃ ነጭ ጫማ ማድረግ ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው። ያን ጫማ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

በዚያን ጊዜ ስሜ በቀለ መሆኑን የሚያውቀው ቀበሌ ብቻ ነው። ከተማው የሚጠራኝ "ምን አገባኝ" ብሎ ነበር። ሱቄም "ምን አገባኝ ጎሚስታ" ነው የሚባለው፤ ሰው አቅጣጫ ሲጠየቅ "ከምን አገባኝ አለፍ ብለህ ወደ ግራ" ይላል። ስሙን ያገኘሁት በላቤ ነው። የጎረቤት ቆርቆሮ ንፋስ ሲነቅለው፣ ምን አገባኝ። ደጄ ላይ ባጃጅ ተገልብጦ ሰው ሲያቃስት፣ ምን አገባኝ፣ ጎማው ከፈነዳ ጥሩኝ። እድር ለቀብር ሲጠራ ቅጣቱን ከፍዬ እቤቴ እጋደማለሁ። ሚስቴ ታደለች አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች ዞራ አየችኝና፦

"አንተ ሰውዬ፣ ልብህ ከጎማ ነው እንዴ የተሠራው?"

"አዎ፣ ከጎማ ነው" አልኳት በኩራት።

"ውሸትህን ነው። ጎማ እንኳ ሲነፉት ይነሳል።"

ይሄን ስትለኝ ሳቅሁ እንጂ አልተከራከርኳትም፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ይቺን ልብ በሉልኝ። ሰው ስለ ራሱ የሚያምነውን ከየት ነው የሚያመጣው? ከሰማይ አይወርድለትም፣ እጁን አይቶ ነው። የኔ እጅ ለሰው ብሎ ምንም አንስቶ ስለማያውቅ "በቀለ ማለት እንዲህ ነው፤ ፍጥረቱ ነው" ብዬ ዘግቼው ነበር።

ያን ቀን ካቺሲ ገበያ ውዬ ነው የምመለሰው። ከአሮጌ ጎማ የምሠራውን በረባሶ ጫማ በማዳበሪያ ሞልቼ ወስጄ፣ አንድ ሳይቀረኝ ሸጬ፣ ማዳበሪያው ውስጥ የቀረኝ የእጅ መንፊያዬ ብቻ ነው። ጎሚስታ ያለ መንፊያ፣ ቄስ ያለ መስቀል ነው። መሃል መንገድ ላይ መኪናችን ቆመ። ሹፌሩ "ወገኖቼ፣ ከፊት ድንጋይ ነው፣ እኔ መመለሴ ነው፣ እናንተ እንደ ፍጥርጥራችሁ" አለና አዞረ። ሌላው ሰው በዋናው መንገድ ሄደ፤ እኔ ብልጡ አቋራጩን ያዝኩ። አቋራጭ ማለት ሁለት ሰው ጎን ለጎን በጭንቅ የሚያሳልፍ፣ በግራው ዳገት በቀኙ ገደል የሆነ የከብት መንገድ ነው፤ ጠዋት ዘንቦበታል፣ እንደ ሳሙና ነው።

ከኋላዬ የሰው ትንፋሽ ሰማሁና ዞርኩ። አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ይመጣል። ሁለት እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሃሉ በገመድ የተጠላለፈ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት። አምስት ስድስት ሰው ተራውን እየጠበቀ ይከተላል። ከኋላቸው ደግሞ ዱላውን የያዘ ሽማግሌ አለ፣ የባሏ አባት ነው፣ ኦቦ ደቻሳ ይባላል። ጤና ጣቢያው "ልጁ በጎን ነው የመጣው፣ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ ባስቸኳይ ሆስፒታል" ብሎ ጽፎላታል። አምቡላንሱ በድንጋዩ ምክንያት መድረስ አልቻለም። ከድንጋዩ ወዲያ መኪና ካላገኙ እሷም ልጁም የሉም። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት "ጭቃ እንዳይረጩብኝ" ብቻ ነበር።

ጥጌን ያዝኩላቸው። ያን ጊዜ አየሁ፤ የነጩ ጫማዬ ክር ተፈቶ ጭቃ ውስጥ ይጎተታል። ጎንበስ አልኩ፣ አንሸራተተኝ፣ ገደሉ ታየኝ፣ እጄ ያገኘውን ያዘ። ያገኘው የቃሬዛውን አጣና ነው።

እንግዲህ እኔ የከተማ ሰው፣ የገጠሩን ሕግ አላውቅም። እዚያ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ እጁን አጣናው ላይ ያሳረፈ ሰው "ተራዬ ነው" ማለቱ ነው። የደከመው ይወጣል፣ እጁን ያሳረፈው ይገባል። ንግግር የለውም። ከፊት የተሸከመው ሰውዬ እጄን ሲያይ ፊቱ በራ። "ጀባዹ፣ ኦቦሌሳ!" አለኝ፤ በርታ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ከሥር ሹልክ ብሎ ወጣ። አጣናው ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ።

"ኧረ እኔ ጫማዬን…" አልኩ።

"በርታ! በርታ! እንዳይናወጥባት!" አለ ከኋላ ያለው።

"ምን አገባኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ቃሬዛ ተሸክሞ ምን አገባኝ ማለት፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ አልተሳፈርኩም እንደ ማለት ነው። አንድ እግሬ ክሩ እንደተፈታ፣ እየረገጥኩት፣ እየተሳደብኩ ሄድኩ። ከኋላ አንዱ በኦሮምኛ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ሲል ሰማሁ። ኦቦ ደቻሳ "ደግ ሰው ነው፤ ሳንጠራው ገባልን" አለው። ማንን ነው የሚለው ብዬ ዞር ልል ነበር፤ አጣናው አላዞረኝም።

ዳገቱ አናት ላይ የሾላ ዛፍ አለ፣ ሰው የሚለዋወጠው እዚያ ነው። አንድ ደረቱ የሰፋ ጎልማሳ መጥቶ "ጋሼ፣ አምጣ፣ ተራዬ ነው" አለኝ። ነፃ ወጣሁ! ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ማንም የማያምነኝ። የገዛ አፌ "ተወው፣ ይዤዋለሁ" አለ። ማሪያምን፣ አፌ ነው ያለው፣ እኔ አልነበርኩበትም። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ ቀላል ነው። ያን ሁሉ ዳገት የወጣውን ትከሻ አየሁት፣ የኔ ነው። ከሥሩ ያሉትን እግሮች አየሁ፣ አንደኛው ክሩ የተፈታ ነጭ ጫማ አድርጓል፣ እሱም የኔ ነው። ታዲያ ምን አገባኝ የሚባለው ሰውዬ የት ሄደ? ዳገቱ ሥር ቀርቷል። ቃሬዛው ሾላው ሥር ለአፍታ ሲያርፍ ክሬን እንደ ሰንሰለት ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ተመልሼ ገባሁ።

አቋራጩ ድንጋዩ ጋ ዋናው መንገድ ላይ ሲያወጣን ወጣቶች መንገዱን ሞልተውታል። ወዲያ ማዶ የአንድ እህል ነጋዴ ፒክአፕ ቆሟል፤ እንዳይንቀሳቀስ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አስተንፍሰውታል፣ እንደ ደከመች ላም ተንበርክኳል። የልጆቹ አለቃ ቶሌራ የሚባል ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ ግን ድምፁ የሃምሳ ዓመት ሰው ድምፅ ነው።

"ዛሬ መኪና አይንቀሳቀስም" አለ።

ኦቦ ደቻሳ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ለመነው። ሽማግሌ ዱላውን ሲያስቀምጥ ታላቅ ልመና ነው። ቶሌራ ዓይኑን ከሽማግሌው አሽሽቶ "አባቴ፣ ባለፈው ጤነኛ ሰው ብርድ ልብስ አልብሰው በሽተኛ ነው ብለው አሳልፈውብናል። ለአንዱ ከተከፈተ ለሁሉም ነው። አልችልም" አለ።

የኛ ሰዎች መንጫጫት ጀመሩ። አንዱ ዱላውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ከወዲያም ድንጋይ የሚያነሳ እጅ አየሁ። ሴትዮዋ ደግሞ ዝም ብላለች። ምጥ ይዟት ዝም ያለች ሴት ከምትጮኸው ይልቅ ታስፈራለች። እኔ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አሁን ይሄ ልጅ ስብከት አይሰማም፣ የእናት ስም ቢጠራለት አይሰማም፤ ሰው "አልችልም" ካለ በኋላ ቃሉን የሚጠብቅ ዘበኛ ይሆናል። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ወደ ቶሌራ ጠጋ ብዬ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

"ወንድሜ፣ መንገዱን ተወው። ጫማዬ ተፈቶ ሊጥለኝ ነው። እስካስር ይቺን እንጨት ለአንድ ደቂቃ ደግፍልኝ" አልኩት።

ክሬ እንደ ብረት ታስሯል! ዋሸሁት፣ አዎ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ በሱ ብቻ አላፍርም። ቶሌራ ግራ ተጋባ። መንገድ ክፈት ስላላልኩት አልችልም የሚለው ቃሉ እዚህ አይሠራለትም። በእጁ የያዘውን ድንጋይ ጣለና ትከሻውን አስገባ። እኔ ተቀመጥኩ፣ ክሬን ፈታሁ፣ ማሰር ጀመርኩ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ ጫማ አስሬ አላውቅም፤ አንዱን ጫማ ጨርሼ ወደ ደህናው ዞርኩ። ከላይ ሴትዮዋ ቃተተች። እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አጣናውን ጨበጠ፣ የቶሌራ ጆሮ አጠገብ። "ሱታ፣ ኦቦሌሳኮ… ሱታ" አለች። ቀስ በልልኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። አጣናውን የያዘው እሱ ስለሆነ ወንድሜ ያለችው እሱን ነው።

ተነሳሁ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አምጣ በቃ" አልኩት።

"ተወው፣ ይዤዋለሁ" አለኝ።

ሾላው ሥር የራሴ አፍ ያለውን ደገመልኝ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ በዚያ በሃምሳ ዓመቱ ድምፅ ጮኸ፦

"ማነው ይሄን ጎማ ያስተነፈሰው?!"

ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ደፋር ቀስ ብሎ "አንተ ነህ እኮ" አለው።

"እንግዲያው ንፉት!"

ማዳበሪያዬን ከፈትኩ። መንፊያዬ ወጣች። ጎበዝ፣ የመኪና ጎማ በእጅ መንፊያ መንፋት ተራራ መግፋት ነው። ግን ያስተነፈሱት እጆች ሁሉ ተራ በተራ ገቡበት፤ እኔ እየቆጠርኩ፣ አንዱ ሲደክመው "ይሄ ነው ጎሚስታ? ቀጣይ!" እያልኩ እዘልፋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ይጨምራሉ። የቀሩት ሳይታዘዙ ድንጋዩን ማንሳት ያዙ። የፒክአፑ ሹፌር ከተደበቀበት ቁጥቋጦ ወጥቶ "ይሄው ያስተነፈሰኝ ልጅ እየነፋልኝ ነው" እያለ ያማትባል። ቶሌራ ጎማው እስኪነሳ ከአጣናው ሥር አልወጣም። ፒክአፑ ላይ ስትጫን አብሮ ወጣ፣ እንዳትናወጥ አጣናውን በሁለት እጁ ይዞ አምቦ ድረስ ገባ። እኔም አለሁ፣ ማዳበሪያዬ ላይ ተቀምጬ። ሆስፒታል አደረስናት። ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ተረፉ። ኦቦ ደቻሳ ስሟን ገለቴ አላት፤ ምስጋና ማለቱ ነው።

እቤቴ ስገባ ታደለች ትከሻዬን አይታ "የት ወድቀህ ነው?" አለች።

"ቃሬዛ ተሸክሜ።"

ተቀምጣ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈር ሰው ሞተ። እድር ቤት ስደርስ ዳኛው ደብተሩን አወጣ፣ ቅጣቴን ሊቀበል። "ደብተሩን መልስ፣ ልሸከም ነው የመጣሁት" ስለው መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየኝ። መቅረት አቃተኝ እኮ! ያንን ትከሻ አንዴ ሲሠራ አይቼዋለሁ፣ አልችልም ብዬ ማንን ልዋሽ? ከዚያ ወዲህ ደጄ ላይ ባጃጅ ሲገለበጥ መጀመሪያ የምደርሰው እኔ ነኝ። ስሜ ግን አልተቀየረም። እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ሲቸገር "ምን አገባኝ ጋ ሂድ፣ ይረዳሃል" ሲሉት እየቀለዱበት ይመስለዋል።

ዛሬ ዛሬ ማኪያቶ እየጠጡ "የዘንድሮ ሰው ከፍቷል፣ መተዛዘን ቀርቷል" የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። አልቀበልም! ከእኔ የባሰ አልነበረም፣ እኔም በጫማ ክር ተመለስኩ። አዳራሽ ሰብስበው "መጀመሪያ አመለካከት ይቀየር" የሚሉም አሉ፤ ውሃ በፕላስቲክ አድለው፣ አጨብጭበው፣ ይበተናሉ። ወንበሩን የሚሰበስብላቸው ግን የጽዳቷ ሴትዮ ብቻ ናት። አንድ ቀን ተነስቼ "መጀመሪያ ወንበር አስነሷቸው፣ አመለካከቱ ተከትሎ ይመጣል" አልኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ያ መምህር ሳሙኤልም እንደዚያው ነው። ከደቡብ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሸሚዙ ነጭ፣ የሞተሩ ጎማ ተንፍሶበት ነው ወደ እኔ የገባው። "ጋሽ በቀለ፣ ሰው መጀመሪያ ያምናል፣ ከዚያ ነው የሚያደርገው። ልብ ይቀድማል" ይለኛል። "ይሁንልህ" አልኩትና "እስኪ ይቺን የውስጥ ጎማ ውሃው ውስጥ ያዝልኝ፣ አረፋ የሚወጣበትን ልየው" ብዬ ሰጠሁት። እየተከራከረኝ ይዞ ቆየ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቀዳዳውን እሱ ራሱ አገኘው። የሱን ጨርሼ ሳስረክበው አንድ ባጃጅ ነጂ ጎማውን ተሸክሞ ገባ። መምህሩ መሄዱ ቀርቶ "ጋሼ፣ ቆይ፣ እኔ ልያዝልህ፣ አንተ ሥራህን ሥራ" አለ። ወደ እጁ ብቻ አየሁ። እሱም አየው። ሳቀ፣ ግን "ቢሆንም አላምንህም" አለ።

አትመኑኛ! ማን ለመናችሁ? እግር ካላችሁ ሂዱና ጠይቁ። ቶሌራ አዲስ ዓለም ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው፤ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ካየ ዱቄቱን ሳያራግፍ ይወጣል፣ ደንበኞቹ እስኪበሳጩበት ድረስ። "ጎማውን ማን አስተነፈሰው?" በሉትና ፊቱን እዩት። ኦቦ ደቻሳ ከካቺሲ ወዲህ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ባለው ቤት ውስጥ ነው፣ አርጅቷል፣ ግን ምላሱ አላረጀም። ገለቴ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እናቷን ስለ ነጭ ጫማዬ ጠይቋት፣ ከታች ያየችው እሱን ብቻ ነው። በዋናው መንገድ እንዳትሄዱ፣ በአቋራጩ ሂዱ። በክረምት መኪና እስካሁን አይገባበትም፣ ቃሬዛም አልቀረም። ድንገት ከኋላችሁ ከመጣ ጥጋችሁን ያዙለት፤ ካንሸራተታችሁ ደግሞ አጣናውን ያዝ አድርጉት፣ ለመደገፍ ያህል ብቻ። ከዚያ ሾላው ጋ ስትደርሱ አንዱ "አምጣ፣ ተራዬ ነው" ይላችኋል። ያኔ አፋችሁ ምን እንደሚል ስሙት፤ ስሙትና ተመልሳችሁ መጥታችሁ ውሸታም በሉኝ። ጉደር መውጫ ነኝ፣ ምን አገባኝ ብላችሁ ጠይቁ።